የዝይዋ ሚዛን

ሰርጓጅ መርከባችን ቁጥር ነበራት። ቁጥሩን ግን አልናገርም፤ የተናገርኩ እንደሆነ ከኪል እስከ ሐምቡርግ ያለ ጡረተኛ መርከበኛ ሁሉ «እኔም ነበርኩባት፣ ነገሩ እንዲህ አልነበረም» እያለ ደብዳቤ ያዘንብብኛል። እኛ «ዝይዋ» ነበር የምንላት። የቶርፔዶ ክፍሉ አለቃ ሂነርክ ማማዋ ላይ አንዲት ነጭ ዝይ ሥሎባት ነበር፤ ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ቂጧን ለሰማይ የሰጠች ዝይ። ሌሎቹ ሰርጓጆች ተኩላና ጎራዴ የያዘ ሰይጣን አሥለው ሲንጎራደዱ፣ እኛ ከዚያች ዝይ ጋር ወደብ ስንገባ ሕፃናት ሳይቀሩ ይስቁብን ነበር።

በአሠራሯ ከእህቶቿ የምትለይበት ነገር አልነበራትም። እንደሷ ያሉትን አገራችን ጀርመን በመቶዎች ሠርታለች። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ስልሳ ሰባት ሜትር ነች፤ ያ ግን የውጪው ነው። ሰው የሚኖርበት ውስጧ ረጅም የብረት ቧንቧ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ አንደኛው ሆዱን መሳብ አለበት። ከፊት አራት የቶርፔዶ አፎች፣ ከኋላ አንድ፣ መሀል ላይ መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ከሥር ባትሪ። ከውሃ በላይ በናፍጣ ሞተር ትሄዳለች፣ ከውሃ በታች በባትሪ፤ በባትሪ ስትሄድ ፍጥነቷ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ፖስተኛ ያህል ነው፣ ያውም ዳገት ላይ። ሃምሳ ሰው ነበርን፤ ሽንት ቤት ሁለት። ከሁለቱ አንዱ ስንነሳ እስከ ጣሪያው ድንች ይሞላል። ስለዚህ ድንቹን የምንበላው ለሁለት ምክንያት ነበር።

የአገልግሎት ታሪኳን ልንገራችሁ፣ ብቻ አትሳቁ። ለዘመቻ የወጣችው ሦስት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው፣ በስድስተኛው ቀን የግራው ሞተር ተሰነጠቀና ተመለስን። በሁለተኛው አራት ቶርፔዶ ተኮስን፤ ሦስቱ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አራተኛው ዞሮ ወደ እኛው መጣና ለጥቂት ሳተን። በሦስተኛው አውሮፕላን አገኘንና ሦስት ሳምንት ስንደበቅ ሰንብተን ገባን። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ሰርጓጅ ሲመለስ ላሰጠመው ለእያንዳንዱ መርከብ አንዳንድ ትንሽ ባንዲራ ሰቅሎ ይገባል፣ የሙዚቃ ጓድም ይቀበለዋል። ዝይዋ አንድም ሰቅላ አታውቅም። ሙዚቀኞቹም የእኛ ተራ ሲሆን ዜማውን እኩሌታው ላይ አቋርጠው ምሳ ይሄዱ ነበር። ያኔ አንገቴን ያስደፋኝ ነበር። ዛሬ ግን ደስ ይለኛል፤ በእኛ እጅ ባሕር ውስጥ የቀረ የሰው ልጅ የለም፤ በዚያ ጦርነት ይህን ማለት የሚችል ሰርጓጅ ብዙ አይደለም።

እኔ ኤገርት ሉደርስ እባላለሁ፣ የዝይዋ ዋና መሐንዲስ። ዋና መሐንዲስ ሲባል ሞተር የሚጠግን ይመስላችኋል። ዋናው ሥራዬ ሚዛን ነበር። ሰርጓጅ ከውሃ በታች ስትሆን ከውሃው መክበድም መቅለልም የለባትም፤ ከከበደች ትወርዳለች፣ ከቀለለች ብቅ ትላለች። ፊትና ኋላዋ ላይ ታንከሮች አሏት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ውሃ እያስተላለፍኩ ቀጥ አደርጋታለሁ። አንድ ወፍራም ሰው ከኋላ ወደ ፊት ቢሄድ አፍንጫዋ ይደፋል። ስለዚህ ማንም ሳያስፈቅደኝ ከክፍል ወደ ክፍል አያልፍም፤ ምግብ አብሳዩ ኮርቢኒያንም ከሽንት ቤቱ ሦስት ኪሎ ድንች ባወጣ ቁጥር መጥቶ ያስመዘግበኛል። አንዴ ስምንት ኪሎ ቋሊማ ሳይነግረኝ ከፊት ወደ ኋላ አዛውሮ ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ።

እንዲህ በመሆኔ አላፍርም። በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ ሀብት እሱ ብቻ ነበር፤ መልክ የለኝ፣ ወሬ አላውቅ፣ መደነስ አልችል። ሚስቴን ቴዳንም ያገኘሁት በሱ ነው። አባቷ የኪል ወደብ የእህል መዛኝ ነበር። ልጁን ልለምን የሄድኩ ቀን ሦስት ጆንያ አቀረበልኝና «ብድግ አድርገህ ስንት እንደሆነ ንገረኝ» አለኝ። ነገርኩት። በሁለቱ ልክ ነበርኩ፣ በሦስተኛው ሁለት መቶ ግራም ሳትኩ። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አሰበና «ውሰዳት» አለ። ቴዳም ለጎረቤቶቿ «ባሌ አንድ ነገር ካለ፣ ያለውን ያህል ነው የሚመዝነው» ትላለች ሲሉ ሰምቼ፣ ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት እራት አልበላሁም።

እንግዲህ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944፣ በመጋቢት፣ ፈረንሳይ ብሬስት ወደብ ላይ ሳለን፣ ለጥገና ወደ ኪል እንድንመለስ ታዘዝን። እንግሊዝን በሰሜን ዞረን፣ አራት ሳምንት የሚያህል መንገድ ነው። ለመንገዱ ሁለት ቶርፔዶ ብቻ ይበቃችኋል ተባልንና ሌላውን አራገፍን። የፊተኛው ክፍል ባዶ ቀረ።

አገር ቤት ያኔ ቦምብ ይዘንባል፣ ሳሙና የለም፣ ቅቤ የለም፣ ክር የለም። እያንዳንዱ መርከበኛ እናት አለው። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበርና፣ ለሦስት ቀን በመወጣጫው ድልድይ ላይ ሚዛን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አንድ ካልሲ እንኳ ሳልመዝን አላሳልፍም። ችግሩ፣ እኔ ሰዓት አክባሪ ነኝ። ምሳዬን ከስድስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ነው የምበላው፤ ይህን መርከቧ ሁሉ ያውቃል። በሦስቱ ቀን፣ በሦስቱ ግማሽ ሰዓት፣ ብሬስት ገበያ እግር አውጥቶ በድልድዩ ላይ አለፈ።

ተረቱ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ሰርጓጅ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ከወደብ በወጣን በማግስቱ ለሙከራ ጠለቅን። ዝይዋ አፍንጫዋን ደፍታ ቁልቁል ሄደች። ደንግጬ ከፊት ታንከር ውሃ አስወጣሁ፤ ቀጥ አለች። ግን ደብተሬ ከአንድ ቶን በላይ ተሳስቷል! ያን ቀን ድምሩን አሥራ አንድ ጊዜ ደገምኩት። አሥራ አንዱም ጊዜ ልክ ነው።

ለመርከበኞቹ «ነገ በአራት ሰዓት የፊተኛውን ክፍል እፈትሻለሁ» ብዬ አስታወቅሁ። አዎ፣ ሰዓቱን አስታወቅሁ፤ ሥርዓት ነዋ። ሄጄ ስፈትሽ ክፍሉ ተጠርጎ ያብለጨልጫል። ሂነርክ እንዲያውም መዳፉን ወለሉ ላይ ጎትቶ አሳየኝ።

«ጌታዬ፣ እዚህ ላይ ቂጣ ጋግረው መብላት ይችላሉ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጠለቅን። አሁን ደግሞ ዝይዋ በቂጧ ቁጭ አለች።

የኋላውን ክፍል ልፈትሽ አልኩ፤ ሰዓቱን አስታወቅሁ፤ ንጹሕ። በሚቀጥለው ጊዜ በአፍንጫዋ። እንዲህ እያልን አንድ ሳምንት ሄድን። ክብደት እግር ያወጣል ወይ? ድንቹን አንድ በአንድ እንደገና መዘንኩ። ኮርቢኒያን አጠገቤ ቆሞ እያንዳንዷን ድንች ሲያቀብለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያዘነልኝ መስሎኝ እኔም ላለቅስ ደረስኩ። በእርግጥም ያን ሰሞን ሰዉ ሁሉ ደግ ሆነልኝ። አንዱ ትራሱን ይሰጠኛል፣ አንዱ ቁርሴ ላይ እንቁላል ይጨምርልኛል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ካፒቴናችን ቲሰን ይባላል፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እኛ ግን «ሽማግሌው» ነበር የምንለው። አንድ ቀን ወደ ጓዳው ጠራኝ።

«ሉደርስ፣ ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ ጌታዬ።»

«ትናንት ከድንች ጋር ስታወራ ሰምተውሃል።»

«እየቆጠርኩ ነበር።»

«ለአንዷ ‹አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ› አልካት አሉ።»

ቲሰን ተነፈሰና ለኪል የሬዲዮ መልእክት ላከ፦ መርከቧ ሚዛን አትይዝም፣ የአሠራር ጉድለት ሳይኖርባት አይቀርም፣ አጣሪ ይጠብቀን። እኔም፣ አፍሬ ነው የምናገረው፣ ደገፍኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚባለው፣ ስለ መርከቧ ነዳፊ ጥፋት አራት ገጽ ጻፍኩ። የጨነቀው ሰው ምን የማይጽፈው አለ!

ከሼትላንድ ደሴቶች በስተ ሰሜን፣ አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉን ተማምነን ባትሪ ልንሞላ ወጣን። ለአራት ሰዓት የኋላውን ክፍል እንደምፈትሽ አስታውቄያለሁ፤ ሦስት ሰዓት ተሩብ ነበር። ጭጋጉ ድንገት ተገለጠና አውሮፕላን አናታችን ላይ መጣ።

«ጥለቅ!»

በእንዲህ ያለ ጊዜ ልማዱ የታወቀ ነው፤ ሥራ የሌለው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ይሮጣል፣ አፍንጫዋ ቶሎ እንዲደፋ። ሮጡ። ሠላሳ ሰው ያህል እየተንጋጋ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ተከመረ። እኔ ያላወቅሁት፣ ለፍተሻዬ ሲባል የብሬስት ገበያ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት በፊት እዚያው ክፍል መግባቱን ነው።

ዝይዋ አልጠለቀችም፤ ወደቀች። የጥልቀት መለኪያው መርፌ መቶ አለ፣ መቶ ሃምሳ አለ፣ ቀዩን መስመር ሳይሳለም አለፈ። ብረቱ መጮህ ጀመረ። ሰሃን፣ ጫማ፣ ሰው፣ ሁሉም ወደ ፊት ይንሸራተታል። «ሁሉም ወደ ኋላ! ሞተር ወደ ኋላ! የፊቱን ታንከር ንፉ!» ብዬ ጮህኩ። ሰዎቹ ያን ቁልቁለት በአራት እግራቸው ሽቅብ ሲወጡት በፊቴ አለፉ። ሞትን ፊት ለፊት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ከሞቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ድምሬ ነበር፤ ስሳሳት መሞቴ!

ሁለት መቶ አሥራ አምስት ላይ ቆመች። ቀስ ብላ አፍንጫዋን ቀና አደረገች፤ ከመጠን በላይ ቀና አደረገች። አሁን ደግሞ ቁልቁለቱ ወደ ኋላ ሆነ። ያኔ ነው ከፊተኛው ክፍል የመንኮራኩር ድምፅ የተሰማው። ክብ በሮቹን አንድ በአንድ እያለፈ፣ ሳይቸኩል፣ አንድ ትልቅ ድቡልቡል ፎርማጆ እየተንከባለለ መጣና እግሬን ነክቶ ቆመ።

ጎንበስ ብዬ ብድግ አደረግሁት።

«ሃያ ኪሎ» አልኩ።

ከኋላ በኩል የኮርቢኒያን ድምፅ መጣ። «ሃያ አንድ ነበር ጌታዬ። ትንሽ ቀምሰናል።»

ካፒቴኑ ፎርማጆውን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ግን አልተቆጣሁም። ልቤ ውስጥ እንደ ፀሐይ የሆነ ነገር ወጣ፤ ድምሬ ልክ ነበር! አሥራ አንዱም ጊዜ ልክ ነበር!

ጊዜ ግን አልነበረንም። አውሮፕላኑ የጠራቸው ሁለት አሳዳጅ መርከቦች ከላይ ደርሰው ቦምብ መጣል ጀመሩ። ሰዉ ከኋላ ተከምሮ ነው አፍንጫዋ የቆመው፤ ወደ ቦታው ቢመለስ እንደገና ልትወድቅ ነው፤ ባትሪውም እየደከመ ነው።

«ስሙኝ!» አልኩ። «ጥፋተኛ አልፈልግም፣ ምክንያት አልፈልግም። ኪሎውንና የት እንዳለ ብቻ ንገሩኝ። የማውቀውን ክብደት እኔ እችለዋለሁ። በየተራ!»

ኮርቢኒያን የባቫሪያ ካቶሊክ ስለሆነ መናዘዝ ያውቅበታል፤ እሱ ቀደመ። «ፎርማጆ ሃያ፣ ማር ስድስት፣ ከፊት፣ በስተ ግራ።» ከዚያ ሂነርክ መጣ፤ ያ ግዙፍ ሰው ባርኔጣውን እጁ ላይ ያሻል።

«የመታጠቢያ ገንዳ ጌታዬ። የቆርቆሮ ነው፣ ለእናቴ። ስድስት ኪሎ።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን።»

«ውስጡስ?»

«ውስጡ... ሳሙና አለበት።»

«ስንት?»

«ለቤተሰብ የሚበቃ።»

«ቤተሰብህ ስንት ነው?»

«እናቴና እኔ።»

ከላይ ቦምብ ፈነዳና መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ።

«ሠላሳ ኪሎ ጌታዬ!» አለ ሂነርክ።

እንዲህ ነበር ነገሩ፤ ቦምብ በፈነዳ ቁጥር የሚናዘዘው ሰው ኪሎ ይጨምራል። የጨርቅ ጥቅል፣ የጫማ ቆዳ፣ አኮርዲዮን፣ የስፌት መኪና፣ የእብነ በረድ መልአክ («ለእህቴ መቃብር ነው ጌታዬ፣ አይሳቁብኝ»)፣ ሁለት ዶሮ («እነሱ ባለፈው እሑድ ታርደዋል፤ እርስዎም በልተዋል»)። አርባ ስምንት ሰው ተራውን ጨረሰ። በመጨረሻ ካፒቴኑ ጆሮዬ አጠገብ ጠጋ አለ።

«ሉደርስ... ከአልጋዬ ሥር ኮኛክ አለ። አርባ ኪሎ ያህል።»

ጻፍኩና ደመርኩ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ። ከዚያ በሁለት አባዛሁት።

«ለምንድነው በሁለት?» አለ ቲሰን።

«መርከበኛ ሲናዘዝ ግማሹን ነው የሚናገረው ጌታዬ።»

ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። «የእኔንም?»

«የእርስዎን እንዴት ላድርገው?»

«አባዛው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ይህን ያህል ሊትር ከፊት ወደ ኋላ፣ ይህን ያህል ወደ ውጪ፣ አምስት ሰው እዚህ፣ ስድስት ሰው እዚያ ብዬ አዘዝኩ። ዝይዋ ትንሽ ተወዛወዘችና ቀጥ አለች። ካርታው ላይ ያስቀመጥኩት እርሳስ ወዲህም ወዲያም ሳይል ቆመ። አለቀስኩ፤ ሃምሳ ሰው ፊት ቆሜ፣ ሳልደበቅ። እንዲህ ቀጥ ብለን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ስምንት ሰዓት አዘገምን፤ አሳዳጆቹም አጡን።

ካፒቴኑ ዕቃውን ሁሉ ባሕር ልጣለው ብሎ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ ክብደቱ ከታወቀ ምን ቸገረን? እሱም ደብተሬን ሲያገላብጥ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«‹የፓምፕ መለዋወጫ፣ አርባ ሦስት ኪሎ›። የየትኛው ፓምፕ ነው ይሄ?»

ጆሮዬ ጋለ። ለአማቴ የልደት ስጦታ ከብሬስት የገዛሁት የናስ ሚዛን ነበር፣ ከነመዘኛ ድንጋዮቹ። በሐሰት ስም መዘገብኩት እንጂ ክብደቱን አንድ ግራም አልዋሸሁም። ይህን ስናገር መርከቧ በሳቅ ልትፈርስ ደረሰች። በዚያው ሚዛን ዕቃውን በሙሉ መዘንነው፦ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ኪሎ። እኔ በሃያ ስድስት ኪሎ አብልጬ ነበር። ሃያ ስድስቱ የኮርቢኒያን ነው፤ ካቶሊኩ ብቻ እውነቱን ተናግሮ ኖሯል።

ኪል ስንገባ እንደ ወትሮው ባንዲራ አልነበረንም። የሙዚቃ ጓዱ ዜማውን እኩሌታው ላይ አቆመ፤ ለምሳ ግን አልሄደም። የኮርቢኒያን አጎት ትልቁን ጡሩንባ የሚነፋው ሰው ነበርና፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የብሬስት ገበያ በከበሮና በጡሩንባ ሣጥን ተጭኖ ከወደብ ወጣ። የኔም የናስ ሚዛን በከበሮ ሆድ ውስጥ ሄደ።

አጣሪ ኮሚቴው ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቀናል፤ የተላከ ሬዲዮ አይመለስም። መርከቧን ወዲያው ወደብ ውስጥ አስጠለቋት። ቀጥ! ለሁለተኛ ጊዜ፤ ቀጥ! ከፋብሪካው የመጣው አዛውንት ነዳፊ አራት ገጽ ጽሑፌን በሁለት ጣቱ ይዞ «የእኔ መርከብ ጉድለት የለባትም» አለ።

ሰብሳቢው ከብረት የተሠራ የሚመስል ሰው ነበር። ነዳፊውን ጥግ አስቀምጦ፣ ከመርከበኞቹ እኔን ብቻ አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«አራት ሳምንት ባሕር ላይ የከረመ ሰርጓጅ ላብና ናፍጣ ነው የሚሸተው» አለኝ። «የእናንተ ግን የላቫንደር አበባ ሳሙና ይሸታል። ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ጭነት ነበር፣ ወይ መዝገቡ ስህተት ነው። ጭነት ከነበረ፣ በጦርነት ጊዜ መርከብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ ቅጣቱን ታውቀዋለህ፣ ግድግዳ ሥር በጥይት ነው የሚፈጸመው። መዝገቡ ከሆነ ግን አንተ ብቻ ነህ። የትኛው ነው?»

ኑዛዜው የተጻፈበት ወረቀት የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አርባ ዘጠኝ ስም፣ ከነኪሎው። ያን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጥ እኔ ከጀርመን መሐንዲሶች ሁሉ ብልጡ ነኝ፤ የሸሸ ክብደት ሁለት መቶ ሜትር ሥር ሆኜ በግምት ያገኘሁ። አማቴ የሚያወራው ያገኛል፣ ቴዳ ደግሞ ዕድሜ ልኳን የሚበቃት። ወረቀቱን በልብሴ ላይ ዳበስኩት። ገንዳው ትዝ አለኝ፣ የእብነ በረዱ መልአክ ትዝ አለኝ።

«የስሌት ስህተት ነው» አልኩ። «የተራገፈውን ቶርፔዶ ሁለት ጊዜ ቀነስኩት።»

«መርከቧ በኋላዋ የወረደችውስ?»

«ሳርመው ደግሞ ሁለት ጊዜ ደመርኩት።»

ነዳፊው ከጥግ ሆኖ ከንፈሩን መጠጠ። እሱ ያንን ባያደርግ ይሻለኝ ነበር። ሰብሳቢው ወረቀት ገፋልኝ፦ «ጥፋቱ የዋና መሐንዲሱ የመደመርና የመቀነስ ጉድለት ነው።» በዚያ ሁሉ ዓመት ልክ ባልሆነ ቁጥር ሥር ፈርሜ አላውቅም። ፈረምኩ። ከመርከብ ወርጄ የባሕር ኃይሉ አትክልት መጋዘን ውስጥ እንድሠራ ታዘዘ፤ ከሥሩም አንድ መስመር ታክሏል፦ «ድምሩን የሚያጣራለት ሌላ ሰው ይመደብ።»

ኪል ትንሽ ከተማ ነች፤ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ደርሷል። አማቴ በሩ ላይ አገኘኝ። ሰላምታዬን አልመለሰም፤ «ሁለት ጊዜ ቀነስከው?» አለኝ ብቻ። «ልጅ ነው እንደዚያ የሚሳሳት» አለና ወደ ጓዳ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

ቴዳ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። ኮቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።

«እውነት ነው የሚሉት?» አለችኝ።

«ፈርሜያለሁ።»

«መፈረምህን አልጠየቅኩህም።»

መዋሸት አልችልበትም፤ ለሰብሳቢው የዋሸሁት ያለኝን በሙሉ ጨርሶብኝ ነበር። ቴዳ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ዓይኔን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ከአንተ ሌላ ስንት ሰው ነበረባት መርከቧ?»

«አርባ ዘጠኝ።»

«ሁሉም ቤታቸው ገቡ?»

«ሁሉም ገቡ።»

ተነሣች። ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ አነሣችና ግንባሬን ሳመችኝ።

«ለአባባ እኔ እነግረዋለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«ባሌ መደመር አይችልም ብዬ።»

ወደ ጓዳው ገባች። በሩን አልዘጋችውም ነበርና፣ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት፤ ድምጿ ውስጥ አንዲት ጥርጣሬ አልነበረችም። አባቷ ሞተ፣ ጦርነቱም አለፈ፤ ቴዳ ግን፣ ልክ ብመዝን ነገሩ ይገለጣል ብላ፣ እስከ ዛሬ ሰው ፊት ድንች እንኳ አታስመዝነኝም።